ዱባ ምን በደለ?

ጠላቂዋ በውሃ ታንከሩ አፍ ላይ የተወተፈችው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ነበር። ከወገቧ በታች ውስጥ፣ ከወገቧ በላይ ውጭ፤ ልክ እንደ ጠርሙስ ቡሽ። እግሮቿ የውስጡን መሰላል ይፈልጋሉ፣ እጆቿ ሰማይ ይቧጥጣሉ፤ መሃል ላይ ያለው አካሏ ግን «እኔ እዚሁ ተመችቶኛል» ያለ ይመስል ንቅንቅ አልል ብሏል።

ባለ ሰባት ፎቁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ከእሷ ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የሕንፃው ተቆጣጣሪ ነው፤ የቁልፍ መዓት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ሲራመድ ከሩቅ የሚንሿሿ ሰው። ሁለተኛው ጥበቃው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳቁን ለመዋጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

«እንግዲህ ወይ ግቢ ወይ ውጪ» አለ ተቆጣጣሪው ሰዓቱን እያየ። «ተከራዮቹ ውሃ ውሃ እያሉ ነው።»

«ከሁለቱ አንዱ ቢሆንልኝ እዚህ ሐውልት ሆኜ እቆምልህ ነበር?»

ጥበቃው አንድ ጣሳ ፈሳሽ ሳሙና አምጥቶ ዙሪያዋን አፈሰሰባት። ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘው ሳቧት። ሃያ ደቂቃ ፈጀ። በመጨረሻ ስትወጣ የታንከሩ አፍ «ጧ!» ብሎ ድምፅ አሰማ፤ ጥበቃውም ከዚያ በላይ መቻል አቅቶት ደረጃውን እየሳቀ ወረደ። ሳቁ እስከ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። የዚያን ቀን ታንከሩን የፈተገችው ከውጭ ቆማ በረዥም መጥረጊያ ነው። ጠላቂ ከውጭ ሆና ስትፈትግ ማየት፣ ዋናተኛ ወንዝ ዳር ቆሞ በጣሳ ሲታጠብ እንደማየት ነው።

«ስሚ እህቴ» አላት ተቆጣጣሪው ዕቃዋን ስትሰበስብ። «ታንከሩ የሚታጠበው በየሦስት ወሩ ነው። የዛሬ ሦስት ወር መጥተሽ ከገባሽ ሥራው ያንቺው ነው። ካልገባሽ ግን ቀጭን ሰው አላጣም።»

ነገሩ የአንድ ሕንፃ ነገር ቢሆን ባልከፋ። እሷ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የስምንት ሕንፃ ታንከር ስታጥብ የኖረች ናት፤ «ጠላቂዋ» የሚለውን ስም ያገኘችውም እዚያው ውስጥ ነው። የሕንፃ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ እርስ በርስ ስልክ ሲደዋወሉ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ «አልገባችም» ካለ ስምንቱም በሩን ይዘጉባታል። የጉሮሮ ነገር ነው። ከጉሮሮም አልፎ የኩራት ነገር ነው፤ በሰፈሩ ውስጥ ሌላ ሰው የማይደፍረውን ጉድጓድ ደፍሮ መግባት ቀላል ስም አይደለም። እናቷ ነፍሳቸውን ይማርና «ሴት ልጅ ክብደት ይኑራት» እያሉ ነበር ያሳደጓት። ምክሩን ከልክ በላይ ሳትሰማው አልቀረችም።

ቤት እንደገባች መጀመሪያ የፈለገችው ሽቦ ነው። የታንከሩን አፍ በሜትር ለክታው ነበር፤ ከዳር እዳር አርባ ሁለት ሳንቲም። ወፍራሙን ሽቦ በዚያው ልክ ጠምዝዛ ቀለበት አበጀች። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋ እግሮቿን አስገብታ ወደ ላይ ሳበችው። ጉልበቷን አለፈ። ጭኗን እያጉረመረመ አለፈ። ዳሌዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። ሦስት ጣት ሙሉ ቀረው።

አማቷ ሳያንኳኩ ገቡ። እሳቸው በር የሚያንኳኩት የሰው ቤት ሲሄዱ ብቻ ነው።

«ምን ሆንሽ ልጄ? በርሜል ልትሆኚ ነው?»

«ሆኜ ጨርሻለሁ እማማ። ቀለበቱን እያሰርኩ ነው።»

አማቷ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ክር የሚያካክሉ ሴት ናቸው። ነፋስ በበዛበት ቀን ከቤት አይወጡም። በዚህ ዓለም ላይ የሚኮሩበት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ከጓሮ አጥር ላይ የሚያንጠለጥሉት ዱባ፣ ሌላው ልጃቸው። ልጃቸው የጠላቂዋ ባል ነው። ሰፈርተኛው «እርሾ» ይለዋል፤ አንድም ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ፣ አንድም ትንሽ ካመሰገኑት ኩፍ ስለሚል።

የእርሾ ልማድ ይህ ነው። ከዳቦ ቤቱ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ገና ያልቀዘቀዘ ክብ ዳቦ አለ። ሚስቱ ፊት ያስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ጉርሻ እስክትውጥ ቆሞ ያያታል።

«እህስ?»

«የዛሬው ከትናንቱ በለጠ።»

በቃ፣ ኩፍ ይላል። ሃያ ዓመት ሙሉ ከትናንቱ ሲበልጥ የኖረ ዳቦ ነው፤ አሁን የት እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። ጠላቂዋም ባሏን ለማስደሰት ሁለተኛውን ትቆርሳለች፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ይቆረሳል።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄደች። የአመጋገብ አማካሪዋ ወጣት ናት፤ ጠረጴዛዋ ላይ ከእስክሪብቶና ከወረቀት በቀር ምንም የለም።

«በቀን ውስጥ ምን ምን ይመገባሉ እትዬ?»

«እንደ ሰው ነዋ።»

«ሰው ብዙ ዓይነት ነው። ከጠዋቱ እንጀምር።»

ጠላቂዋ ዘረዘረች። ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር። የተጠበሰ ድንች። ማታ ማታ የአማቷ ዱባ። ዳቦ ላይ ስትደርስ ምላሷ ተሳሰረ።

«ትንሽ ዳቦም አለች።»

«ትንሽ ማለት?»

«ትንሽ በባሌ ቋንቋ።»

«በባልዎ ቋንቋ ትንሽ ስንት ነው?»

«አንድ ክብ። ሙሉውን።»

«በሳምንት?»

«በሳምንት ቢሆን እዚህ ምን አመጣኝ ልጄ!»

አማካሪዋ ሳቀች፤ ግን ጻፈችው። «ይስሙኝ እትዬ። ሁሉን ይተዉ አልልዎትም። ሁሉን የተወ ሰው በሦስተኛው ቀን ሁሉን ይበላል። የምናደርገው መምረጥ ነው፤ በየቀኑ እየመጡ ከሚከማቹት ሁለት ሦስቱን መርጠን እነሱን እንቀንሳለን። የደም ምርመራው ነገ ይደርሳል። እሱን አይቼ የመረጥኩትን ወረቀት ላይ አሰፍርልዎታለሁ፤ ካልተመቸዎት ሰው ይላኩ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይምጡና እንተያይ።»

በማግስቱ ጠላቂዋ አፉ ሰፊ የሆነ ሌላ ታንከር ውስጥ ነበረች። ሰው መላክ ነበረባት፤ ባሏን ላከች።

እርሾ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን ብብቱ ሥር፣ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ውስጥ ይዞ መጣ። ፊቱ መርዶ ሊያረዳ የመጣ ሰው ፊት ነበር።

«እንግዲህ ጽኚ» አላት።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«አንድ የምትወጂው ነገር አለበት።»

ዓይኗ ሳታዘው ዳቦው ላይ አረፈ። እርሾ ወረቀቱን ዘርግቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንደኛ፣ ስኳር። ሻይ ውስጥ አንድ ማንኪያ ብቻ። ሁለተኛ…» እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ዱባ። ሦስተኛ፣ ዘይት የጠጣ ጥብሳ ጥብስ። በተረፈ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ።»

«ዱባ?»

«ዱባ።»

«የእማማ ዱባ?»

«የማንም ይሁን። በሕግ ፊት ዱባ ሁሉ እኩል ነው።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የጤና ጣቢያ ጽሕፈት መቼም ዶሮ የጫረችው ይመስላል፤ ግን አዎ፣ ዱባ ይላል። መጀመሪያ ያዘነች መሰላት። ቀጥሎ ሲገባት፣ ያ በሆዷ ውስጥ ሞቅ ሞቅ ያለው ነገር ደስታ ነበር። ዳቦው ተርፏል! «እኔ እኮ ዳቦ ይላል ብዬ ፈርቼ ነበር» አለች እየቆረሰች።

«እኔም» አለ እርሾ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ስትውጥ የዚያን ቀን አላያትም።

ከማድ ቤት አማቷ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ዱባዬን የከሰሰው ማነው?»

«ሐኪም ነው እማዬ» አለ ልጃቸው።

«የትኛው ሐኪም? ዱባ የሚያወፍር ከሆነ ሰባ ዓመት ስበላው የኖርኩት እኔ ለምን እንጨት ሆንኩ?»

«የሰው ደም ይለያያል እማዬ።»

«ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ሲባል ሰምቻለሁ። ዱባና ዳሌ ዝምድና አላቸው ሲባል ግን ገና ዛሬ ሰማሁ!» ማማሰያውን ይዘው ተመለሱ። ማድ ቤት ውስጥ ድስት ሲቀመጥ የሚሰማው ድምፅ የመቀመጥ ሳይሆን የመወርወር ነበር።

ጠላቂዋ ካለች አለች ናት። ዱባን ተወች። ማታ አማቷ ዱባቸውን በሽንኩርት አቁላልተው፣ ሆን ብለው ክዳኑን ከፍተው፣ ሽታውን በቤቱ ሲለቁት እሷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ትቀመጣለች። ዱባ ደግሞ ሆድ የሚይዝ ነገር ነው፤ ሲጎድል ጉድጓዱ ይታወቃል። ጉድጓዱን በምን ትሙላው? ወረቀቱ ላይ በሌለ ነገር ነዋ። ከምሳው ዳቦ የተረፈው ማታ መቅረብ ጀመረ። ከማታው የተረፈው ጠዋት ቀረበ። ብዙም ሳይቆይ የሚተርፍ ጠፋ።

እርሾም ሰው አልመስል አለ። ሳይጠየቅ ድስት ያጥባል። ሳይታዘዝ ውሃ ይቀዳል። እናቱ ማድ ቤት ሲገቡ እሱ በጓሮ ይወጣል፤ ጓሮ ዱባ ስላለ ተመልሶ በፊት ለፊት ይገባል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ጠላቂዋ ግን «ስወፍርም የሚወደኝ ባል ሰጠኝ» እያለች በመልካም ተረጎመችው።

እሑድ እሑድ የሽቦው ቀለበት ይወጣል። የመጀመሪያው እሑድ ሦስት ጣት ቀረው። ሁለተኛውም ሦስት። ሦስተኛው ላይ ሦስት ተኩል ሲሆን «ሽቦው ጠቦ ይሆናል፤ ብርዱ ነው» ብላ አለፈችው። በአምስተኛው እሑድ አማቷ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ይኸውልሽ ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጣት ግን እቆጥራለሁ። በፊት ሦስት ነበር፤ አሁን አራት ነው። ዱባዬ በነፃ ይለቀቅ!»

በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄደች። አማካሪዋ ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ ቁጥሩን አየች፣ ያለፈውን ቁጥር አየች፣ ሚዛኑን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችው።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና… የጻፍኩልዎትን ጠብቀዋል?»

«ልጄ፣ እኔ ዋሽቼ አላውቅም። ስኳር በሻይ አንድ ማንኪያ። ጥብስ ከሩቅ ነው የማየው። ዱባማ አምስት ሳምንት ሙሉ በአፌ አልዞረም፤ ሽታው ሲመጣ አፍንጫዬን እይዛለሁ።»

«ዱባ?»

«ዱባ።»

«ዱባ ደግሞ ምን በደለኝና ነው የምከለክልዎት? ዱባ እኮ ብሉ ብለን የምንለምነው ነገር ነው!»

ጠላቂዋ ቦርሳዋን ከፍታ፣ በላስቲክ ጠቅልላ እንደ መታወቂያ የያዘችውን ወረቀት አወጣች። አማካሪዋ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። አየችው። ራቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እኔ በሰማያዊ ነው የጻፍኩት። ይኸው፣ እዚህ ዳ ጎን ላይ በጥቁር ሰረዝ ተጨምሮባታል፤ ዱ እንድትመስል። ግን የዳ ረዥም እግር እዚያው ቀርቷል፤ አንድ እግሩ የረዘመ ዱ አይተው ያውቃሉ? ቀጥሎ ደግሞ የቦን አጭር እግር ወደ ታች ስበው ባ አድርገዋታል። ሁለት ጭረት ናት እትዬ። ሁለት ጭረት ያነሱለትና…»

«ዳቦ» አለች ጠላቂዋ።

«ዳቦ። በቀን አንድ ቁራሽ ብያለሁ፤ እሷንም ከታች ጽፌያታለሁ፤ የታች ጫፉ የተቀደደ ይመስላል።» አማካሪዋ ወረቀቱን አጠፍ ዘርጋ ስታደርገው ከእጥፋቱ ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ረገፈ። ጣቷ ላይ አሸችው። «ዱቄት ነው።»

ጠላቂዋ መጀመሪያ የተናደደችው በባሏ ነው። ከዚያ ንዴቱ ዞሮ ወደ ራሷ መጣ። ያን ቀን ወረቀቱን ራሷ ይዛ፣ በራሷ ዓይን አይታ አልነበር? ማመን የፈለገ ሰው ግን ጥቁር ከሰማያዊ አይለይም። እሱ ሁለት ጭረት ጫረ፤ የቀረውን የሠራችው የእሷ ሆድ ነው።

«የቀረኝ ስምንት ሳምንት ነው» አለች እየተነሳች። «ይበቃኛል?»

«ዳቦው ዳቦ ከሆነ ይበቃዎታል።»

ዳቦ ቤቱ ከጤና ጣቢያው የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ በአሥር ደቂቃ ደረሰች። እርሾ ምድጃው ፊት ቆሞ ረዥሙን እንጨት እየላከ ዳቦ ያወጣል። ክንዱ እስከ ክርኑ ነጭ ነው። ሚስቱን ሲያይ ፈገግ አለ፤ እጇ ላይ ያለውን ሲያይ ፈገግታው እንደ ወጣ አልተመለሰም፤ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አንብብልኝ» አለችው።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን።»

«አንቺ ራስሽ…»

«ዓይኔ ደከመ። አንብብልኝ አንተ የተማርክ!»

እንጨቱን አስቀመጠ። ሊጥ የሚያቦኩት ሁለት ሴቶች ሥራ የበዛባቸው መስለው ጆሯቸውን ብቻ ወደዚህ አዞሩ።

«ዳቦ» አለ በቀስታ።

«አልሰማሁም፤ ምድጃው ይጮኻል።»

«ዳቦ ነው፣ ዳቦ! ምን ላድርግ? መንገድ ላይ ከፍቼ አነበብኩት። ለሰፈሩ ሁሉ እጋግራለሁ፤ ሰፈሩ የሚበላው ስለራበው ነው። አንቺ ግን እኔ ስለጋገርኩት ነው የምትበዪው። ከጠዋት ጀምሮ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ 'ከትናንቱ በለጠ' የምትዪውን። እሷን ሐኪም ሲቀንሳት ዝም ልበል? ባዶ እጄን ቤት ልግባ?»

የጠላቂዋ አንጀት ተበላ። ይህ ሰው አንጀት መብላት ሲያውቅበት! ግን ዳሌዋን አስታወሰች።

«ሃያ ዓመት የጎረስኩልህ ሳያንስ፣ ሥራዬንም አብሬ ልጉረሰው? የምተዳደርበትን ታንከር ለቀጭን ሰው አስረክቤ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ኩፍ ስትል ልይህ? የፊደል እግር ስትስብ የእኔ እግር ማለፊያ ያጣል አላልክም?»

«አላልኩም።»

«ባዶ እጄን ልግባ ወይ ነው ያልከው? ባዶ እጅህን አምጣው። እጅ ባዶም ቢሆን እጅ ነው፤ ድስት ይታጠብበታል።»

ሊጥ አቡኪዎቹ ከዚህ በላይ ሥራ የበዛባቸው መምሰል አልቻሉም፤ ሳቃቸው ፈነዳ። እርሾም በዱቄት እጁ ፊቱን ሸፈነ፤ እጁን ሲያነሳ ጉንጩ ላይ አምስት ነጭ ጣቶች ቀርተው ነበር፤ በጥፊ የተመታ መሰለ። መትታው ቢሆን ኖሮ ደስ ይላት ነበር፤ አሁን ግን ራሱ ሠርቶላታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ አዲስ ሕግ ወጣ። በቀን አንድ ቁራሽ፤ እሱም ጠዋት። ለምን ጠዋት? ጠላቂዋ ራሷ መረጠችው፤ ምሳ ላይ ሲሆን ቆሞ የሚያያት ሰው አለ፣ ቆሞ የሚያይ ሰው ባለበት ደግሞ አንድ ቁራሽ ብቻውን አይሄድም። የመጀመሪያው ጠዋት እርሾ ቁራሹን ቆርጦ አቀረበ። አገላብጣ አየችው።

«ይሄ ቁራሽ ነው ወይስ የመሠረት ድንጋይ?»

«አንድ ነው እኮ።»

«በርም አንድ ነው። ቀጭን አድርገው!»

አማቷ የዱባቸውን ነፃ መለቀቅ በይፋ አከበሩ። የመጀመሪያው ማታ ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው ዘይቱን በጠብታ እየቆጠሩ ሠሩላት። «ብዪ ልጄ፣ የታሠረ ዘመድሽ ተፈቷል» አሏት። ልጃቸውን ግን ለሁለት ሳምንት አላናገሩትም፤ ማናገር ሲፈልጉ ለምራታቸው ይነግሯታል። «ለዚያ ፊደል ለሚቀጥለው ሰውዬ ጨው አቀብለኝ ብለሽ ንገሪልኝ።»

ቀላል ነበር ብዬ አላጃጅላችሁም። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ጠላቂዋ ዳቦ ቤት ባለበት መንገድ ማለፍ አቅቷት በጀርባው ዞራ መሄድ ጀመረች፤ ግማሽ ሰዓት መራመድ የተባለውም ሳታስበው በዚያው ተሟላ። አንድ ማታ ደግሞ ከእንቅልፏ ተነስታ ሙሉ ዳቦ አቅፋ ተቀምጣ አማቷ አገኟት። ልትበላው አይደለም፤ እያሸተተችው ነበር። «ማሽተት ወረቀቱ ላይ የለም» አለች። አማቷም ዳቦውን ወስደው አስተኟት።

ቀለበቱ ግን መናገር ጀመረ። አራት ጣት፣ ሦስት ተኩል፣ ሦስት። አንድ እሑድ ደግሞ ከሦስት አልነቃነቅም አለ፤ የዚያን ቀን ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተነፈሰ ሰው የለም። ቀጥሎ ሁለት። ቀጥሎ አንድ። በመጨረሻው እሑድ ስስ ቀሚስ ለብሳ ስትስበው ቆዳዋን እየፋቀ፣ እያቃሰተ፣ አለፈ። በሥራ ቱታዋ ስትሞክረው ግን በጣት ጥፍር ያህል ያዝ አደረጋት። ከዚህ በላይ የሚቀነስበት ሳምንት አልነበረም።

ቀኑ ደረሰ። ጠላቂዋ ከጭንቀት የተነሳ ጠዋት ቁራሿን ሳትነካ ነው ከቤት የወጣችው። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ተቆጣጣሪው ብቻውን አልነበረም። አጠገቡ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቱታው እንደ ባንዲራ የሚውለበለብበት ሰውዬ ቡሩሽ ይዞ ቆሟል።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ምናልባት ብዬ ነው» አለ ተቆጣጣሪው ቁልፎቹን እያንሿሿ።

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ» አለ ቀጭኑ በትሕትና። ልትጠላው ፈልጋ፣ ትሕትናው አበላሸባት።

ክዳኑን አነሳች። እግሯን አስገባች። መሰላሉን በጣቷ ጫፍ አገኘችው። ጉልበቷ ገባ። ጭኗ ገባ። ዳሌዋ ጋ ስትደርስ ትንፋሿን አውጥታ ተጫነች፤ ቀኙ ሸርተት አለ። ግራው ቆመ።

ተቆጣጣሪው ቀጭኑን አየው። ቀጭኑ እጅጌውን መጠቅለል ጀመረ። የጠላቂዋ ግንባር ላብ አወጣ፤ ከታች ከባዶው ታንከር የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ብቻ እግሯን ይነካታል። ስምንት ሕንፃ። አሥራ አንድ ዓመት። እንደገና ተጫነች። አልሆነም።

ያኔ ነው አንድ ነገር ልብ ያለችው። ግራ ጎኗን የያዘው ነገር አጥንት አይደለም፤ አጥንት ያማል። ሥጋም አይደለም፤ ሥጋዋን ሦስት ወር ሙሉ በሽቦ ስታጠናው ስለቆየች ታውቀዋለች። እጇን ወደ ቱታዋ ኪስ ላከች። ወረቀት። በወረቀቱ ውስጥ ለስላሳ፣ ድፍጥጥ ያለ ነገር።

«ይህ ሰውዬ!» አለች ጮክ ብላ። ልትራገም አፏን ስትከፍት አስታወሰች፤ ጠዋት ሳትበላ ነው የወጣችው። ዳቦው ተጨማሪ አልነበረም። አንድ፣ እንደተባለው ቀጭን፣ የቀኑ ድርሻዋ ነው። እርሾ ርቧት እንዳትውል ብሎ በኪሷ የሸጎጠላት።

ቁራሹን አውጥታ ለተቆጣጣሪው ሰጠችው። «ያዝልኝ።»

ትንፋሿን እስከ መጨረሻው አወጣች። ተቆጣጣሪው ዳቦውን እንደያዘ፣ ቀጭኑ አንድ እጅጌውን እንደጠቀለለ፣ ጠላቂዋ ከፊታቸው ጠፋች። አፉ ባዶ ቀረ።

ከውስጥ ሳቋ መጣ። ታንከር ውስጥ የሳቀ ሰው አራት ሆኖ ነው የሚስቀው፤ ተከራይ ሁሉ እስኪሰማ ሳቀች። ከዚያ የቡሩሽ ድምፅ ቀጠለ፤ ፈት፣ ፈት፣ ፈት።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ወጣች። መውጣቱ ከመግባቱ ቀለለ። ፀጉሯ ርሷል፤ ራብ ደግሞ አንጀቷን ይዞ ይጠመዝዘዋል። ተቆጣጣሪው እጅ ላይ የቀረው ወረቀት ብቻ ነበር።

«ዳቦዬስ?»

ተቆጣጣሪው ከንፈሩን በጣቱ ጠረገ። «እዚህ ፀሐይ ላይ እንዳይደርቅ ብለን…»

«ብለን?»

ቀጭኑ ሰውዬ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ። «ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ እህቴ።»

«የቀን ሙሉ ድርሻዬን ነው ለሁለት የበላችሁት! እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ሌላ የለኝም!»

«በእግዜር፣ ይቅርታ» አለ ተቆጣጣሪው፣ ቁልፎቹን ሳያንሿሿ። «ሥራው ያንቺ ነው፤ የዛሬ ሦስት ወር ነይ። ሌሎቹም ከጠየቁኝ ገባች እላለሁ።»

ቀጭኑ ሰውዬ ግን አልሄደም። ቡሩሹን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ ቀረብ አላት። «እህቴ፣ አትቆጪኝ። እንዲህ ያለ ዳቦ ከየት ነው የሚገዛው? እኔ ብበላ ብበላ አልወፍር ብዬ ስቸገር የኖርኩ ሰው ነኝ። እናቴ ስታየኝ ታለቅሳለች።»

ጠላቂዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ውልብልብ የሚለውን ቱታ አየች። ከዚያ የታንከሩን አፍ አየች፤ ከዳር እዳር አርባ ሁለት ሳንቲም። ቁጣዋ ከየት እንደመጣ ሁሉ የት እንደገባ ሳይታወቅ፣ ፊቷ ላይ የእህት ፈገግታ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ከገበያው ጀርባ ያለው ዳቦ ቤት ነው። እርሾ የሚባለውን ጠይቅ፤ ባሌ ነው፤ ጠላቂዋ ላከችኝ በለው። ምሳ ሰዓት ላይ ሂድ። የመጀመሪያውን ስትጎርስ ቆሞ ያይሃል፤ ከትናንቱ በለጠ በለው። በየቀኑ ሂድ፣ እንዳትቀር። ደግሞ ቁራሽ ቢሰጥህ እንዳትቀበል፤ ሙሉውን ነው!»